የጎፈሬ ደንበኛ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለጎፈሬ፣

ጤናህ እንዴት ነው ብዬ እንዳልጀምር ጤና የሚለው ቃል ራሱ ሰሞኑን ደሜን ያፈላዋል። ስለዚህ ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ የፀጉር ቤትህ መስተዋቶችና ያቺ ሰው በተቀመጠባት ቁጥር የምትንጫጫው ወንበርህ እንዴት ከረሙ? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። ማለቴ እነሱ ደህና ናቸው፤ እኔ ተናድጃለሁ።

ለጥያቄህ መልሴ ይኸውልህ፦ አዎ፣ ደንግጫለሁ። አይ፣ አላለቀስኩም። ባለቤቴ በስልክ የነገረችህን ግማሹን ጣለው፤ ሽንኩርት ስከትፍ አይታኝ ነው። እኔ ለምን ራሴ እንዳልደወልኩልህ ታውቃለህ። እኔና አንተ ስልክ ላይ ከሰላምታ አናልፍም፤ ተጣልተን አንዳችን የሌላው ጆሮ ላይ እንዘጋለን። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ከመሞቷ በፊት ሁለታችንንም እንዳስማለችን፣ እኔም ለአባባ በሽታ ልመረመር ሄድኩ። የደም ምርመራ ነው፤ ፒ ኤስ ኤ ይሉታል። ከፊኛችን ሥር ያለችው ፕሮስቴት የምትባለው የወንዶች ዕጢ ወደ ደም የምትለቀው ነገር አለ አሉ፤ እሱን ይለኩና ቁጥር ይነግሩሃል። ከአራት በታች ከሆነ ፈገግ ይላሉ፣ ከአራት በላይ ከሆነ ፊታቸውን ይከሰክሳሉ።

የኔው ሐኪም ግን ፊት የሚከሰክስበት ጊዜም የለው። ችኩል ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተደርድሯል፣ እሱ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል “ሰባት ነጥብ አንድ፤ ከፍ ብሏል፤ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ከዕጢው ናሙና ይወሰዳል፤ ቀጣይ!” አለ። “ቀጣይ” እኮ ነው ያለው ጎፈሬ! ሰው አባቱን በዚህ በሽታ ቀብሮ፣ የራሱን ዕጣ ሊሰማ ተቀምጦ፣ “ቀጣይ”! እኔ ብስክሌት ሲመጣልኝ እንኳ ባለቤቱን ምን ሆነብህ፣ መቼ ጀመረው፣ ማን ነዳው ብዬ ሳልጠይቅ መፍቻ አላነሳም። ይሄ ሰውዬ እኔን አንድ ነገር አልጠየቀኝም። አንድ!

ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት አንዱ የሰፈራችን ዳቦ ሻጭ ነበር። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ማታ ዳቦ ልገዛ ብሄድ “ተወው ቸርኬ፣ ዛሬ በኔ ይሁን” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይሄ ሰው በዕድሜው ለማንም በነፃ ዳቦ ሰጥቶ አያውቅም።

ወደዚያ ክሊኒክ ተመልሼ አልረግጥም። ናሙናም አልሰጥም። የመጣው ይምጣ። ያንተ ስንት ሆነ?

ወንድምህ

*

ጥቅምት 18

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለቤትህ። እትዬን ሳምልኝ፤ ሽንኩርቱንም ሰላም በልልኝ።

አንተ ብቻ አይደለህም፣ እኔም ተናድጃለሁ። “ተመልሼ አልረግጥም” ማለት ምን ማለት ነው? ያኮረፍከው ሐኪሙን ነው ወይስ ዕጢውን? ሐኪሙ እንደሆነ ማኩረፍህን አያውቀውም፤ ይሄኔ እንኳ “ቀጣይ” እያለ ነው። የሚጎዳው ማን ነው? በሰው ተናዶ የገዛ ጎማውን የሚያተነፍስ ብስክሌት ጠጋኝ አንተን አየሁ።

አባባን መጨረሻ ላይ ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ስትደርስ አፉ ተይዞ ነበር። ስንት ዘመን ነው “ወገቤን ብርድ መቶኝ ነው” ሲለን የኖረው? ኩራት ነው እኮ። ሽንት ቤት ቆሞ ሲያቃስት በሩ ላይ እየሰማሁት፣ ሲወጣ “ብርድ ነው” ይለኛል። እኛ የሰማነው አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። “ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” እያለ ለጎረቤት ሲተርት የነበረ ሰው! አንተም መንገዱን ልትከተል ነው? አንድ አባት በኩራት መቅበር ይበቃኛል፤ ወንድም አልጨምርም።

የኔን ጠይቀሃል። ሦስት ነጥብ ስድስት! ከአራት በታች። ሐኪሜ እጄን ጨብጦ “አንበሳ ነህ” ብሎ ሸኘኝ። ነርሷ ስትመዘግበኝ “የምትወስደው መድኃኒት አለ?” ብላ ጠየቀችኝ። “እኔ? የራስ ምታት ክኒን እንኳ አላውቅ” አልኳት። ሁለት ደንበኞቼ ተራ ይጠብቁ ነበርና “ጎፈሬን ምን ይነካዋል! ፀጉሩን አታዪውም?” ብለው አሳቋት። ምን ላድርግ፣ የሱቄ ማስታወቂያ ራሴ ላይ ነው። አንተና አባባ ገና በጎልማሳነታችሁ ራሳችሁን መስተዋት ስታደርጉት እኔን ፈጣሪ ለሙያዬ አዘነልኝ።

ቀልዱን ልተወው። ክሊኒኩን ከጠላኸው ሌላ ሐኪም ፈልግ። ብቻህን ከፈራህ እትዬን ይዘህ ግባ። ካልሄድክ ግን ሱቄን ዘግቼ እመጣና በገዛ ብስክሌትህ ጭኜ እወስድሃለሁ። በአባባ ሞት!

ታናሽህ

*

ኅዳር 4

ለጎፈሬ፣

አዎ፣ ሄድኩ። አዎ፣ ባለቤቴም አብራኝ ገባች፤ ይህን ያስተማርካት አንተ ስለሆንክ ዕዳው ባንተ ነው። የደረሰብኝን ስማና ፍረድ።

አዲሷ ሐኪም ልጄ የምትሆን ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መዝጋት ነው፤ በዚህ ወደድኳት። ቀጥሎ ግን ጥያቄ ጀመረች፤ በዚህ ደግሞ ላብ በላብ አደረገችኝ።

“ደም በሰጡ ቀን ክሊኒኩ በምን ሄዱ?” አለችኝ። በምን እሄዳለሁ? በብስክሌት። የሱቄን ሕግ ታውቃለህ፤ የጠገንኩትን ራሴ ሳልነዳ ለባለቤቱ አልመልስም። በዚያ ቀን በእጄ የነበረው አንድ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው፤ ኮርቻው እንደ ቢላ የቀጠነ። ካቴናውን ቀይሬለት ስለነበር በዚያው ልሞክረው ብዬ በአቋራጩ ሳይሆን በዳገቱ ዞሬ፣ እያለከለክኩ ነው የደረስኩት። ደሙን የሰጠሁት ገና ላቤ ሳይደርቅ ነው። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ኮርቻው ዕጢዋን ሲጫናት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ያህል ብስክሌት ባይነዱ ይሻላል አለች። ከፊቷ የተቀመጠውን ሰውዬ ሥራ ማን በነገራት!

“ሽንት ያቃጥልዎታል?” ስትል “ኧረ በጭራሽ” አልኩ። ባለቤቴ ከጎኔ “ያቃጥለዋል እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ነው የሚያድረው፤ ውሃ ጠጥቼ ነው ይለኛል” አለች። በአደባባይ ሸጠችኝ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባለ፤ እሱም ቁጥሩን ይሰቅለዋል።

ይሄ ሳይበቃ፣ አንተ ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምጽፈው፣ “በዚያ ሰሞን ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት ነበራችሁ?” አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ልጄ በምትሆን ልጅ! እሱም ለሁለት ቀን ያህል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል አሉ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ባለቤቴ “በዋዜማው” ብላ መለሰችላት። በዋዜማው! ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አብረው ሳቁ።

ያ ችኩል በጣቱ የመረመረኝ ደም ከመስጠቴ በፊት ይሁን በኋላ ስትጠይቀኝ ደግሞ ትዝ አለኝ፤ በፊት ነው። ጓንቱን አውልቆ ሳይጥል ነው “ሂድ ደም ስጥ” ያለኝ። ደሙ መቅደም ነበረበት አለች፤ በጨዋ ደንብ ነው ያለችው፣ የሥራ ባልደረባዋን አላማችም። እኔ ግን አማሁላት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል! ደግሞ ዕጢዋ ካንሰር ባይኖርም በዕድሜ ብቻ ታብጣለች፣ ስታብጥም ቁጥሩ ከፍ ይላል ለካ። ታዲያ ይሄን ሁሉ አንድ ሰው እንዴት አይጠይቀኝም? አፍ የላቸውም? እኔ እኮ የነፃ ዳቦ እየበላሁ ቀብሬን ስቆጥር ነው የሰነበትኩት! አሁን ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት ይታከምና፣ ስድስት ሳምንት ያህል ተቆይቶ ደሙ ይደገማል፤ ስለ ናሙና የምናወራው ያኔ ነው አለች። ካንሰር የለብህም አላለችኝም። ገና አናውቅም ነው ያለችው። ይህንን ከሐኪም አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ለሳቅህ የሚሆን ላክልበት። ልትሸኘኝ ስትል “ፀጉር እንዳይረግፍ የሚወሰድ ክኒን ይጠቀማሉ?” አለችኝ። ኮፍያዬን አወለቅኩላት። “ልጄ፣ ይህን አይተሽ ነው?” ስላት እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ግን መጠየቅ ግዴታዋ ነው። አንዳንዱ የፀጉር ክኒን ቁጥሩን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ሰውዬው በሽታውን ተሸክሞ ደህና ነህ ተብሎ ይሸኛል አለች። ጉድ በል! አንተ የፀጉር ሰው ነህና እንዲህ ያለ ጅል ታውቅ ይሆናል።

ወንድምህ

*

ኅዳር 16

ወንድም ጋሼ፣

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ሱቁን ቀለም ሳስቀባ ነበር። ግድግዳው ክሬም ሆነ፣ ከወገብ በታች ቡናማ። መስተዋቶቹ ወርደው እንደገና ተሰቀሉ። ወንበሯንም ዘይት አስነካኋት፤ አሁን አትንጫጫም። ቀለሙ እስኪደርቅ በሩን ከፍተን ነው የምንውለው።

የሐኪሟ ነገር ደስ አሰኝቶኛል። መድኃኒትህን ሳትጨርስ ዳንኩ ብለህ እንዳትተው።

እና አንድ ነገር። አንድ ደንበኛ አለኝ፣ አንተ አታውቀውም። ያን ስለ ፀጉር ክኒን የጻፍከውን ባጫውተው ትንሽ አሳሰበው። እሱ ሦስት ዓመት ሲወስድ ኖሯል። ያችን ሐኪም ድንገት ብታገኛት፣ ክኒኑን ቢያቆም ቁጥሩ ይመለሳል ወይ ብለህ ትጠይቅለታለህ? ችኮላ የለውም።

ታናሽህ

*

ኅዳር 27

ለጎፈሬ፣

ስለ ቀለም ጻፍክልኝ! እኔ እዚህ በሞትና በሕይወት መሃል ተንጠልጥዬ፣ በየቀኑ ፖስታ ቤት እየተመላለስኩ፣ ስከፍተው “ከወገብ በታች ቡናማ”! ለባለቤቴ ሳነብላት “ታሞ ይሆን?” አለች። “ታሞ ሳይሆን ጠግቦ ነው” አልኳት።

ሐኪሟ ሁለት ቀን ብትልም ባለቤቴ እስከ ምርመራው ድረስ ብስክሌት መንዳት ስለከለከለችኝ የጠገንኩትን እየገፋሁ ነው የምሞክረው። ሰፈሩ ይስቃል፤ “ቸርኬ፣ ብስክሌቱ ታሞ ነው?” ይሉኛል። ደንበኞቼን ራሳቸውን አስነዳለሁ፤ ካቴናው ሲንቋቋ በጆሮዬ ብቻ እየሰማሁ ነው የማስተካክለው። ይህ ኑሮ ነው?

ከቀለሙ በላይ ያናደደኝ ግን ያ ደንበኛህ ነው። ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩለት፤ ለማላውቀው ሰው ወረፋ ይዤ! ክኒኑን አቁሞ ቁጥሩ እስኪመለስ ይጠብቅ አላለችም። አፉን ከፍቶ ለሐኪሙ ይናገር ነው ያለችው። ክኒኑን ዓመትና ከዚያ በላይ ለወሰደ ሰው፣ የወጣለትን ቁጥር በሁለት እያባዙ ነው የሚያዩት። ሁለት ያለው አራት ነው፣ ሦስት ያለው ስድስት ነው። በቤተሰቡ ይህ በሽታ ካለ ደግሞ ጊዜ አይስጥ፣ ዛሬውኑ ይሂድ አለች። አንተ “ችኮላ የለውም” ትለኛለህ!

ለመሆኑ ሲመረመር መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ አላሉትም? ብለውት ይሆናል፤ እሱ ነው የዋሸው። ለምን? ለፀጉር! ራስ ሳይኖር ፀጉር የት ሊበቅል ነው? ያ ትንሽ ቁጥር እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው በለው። እኔ እንኳ በትልቁ ቁጥር ተደናግጬ ሐኪም ዘንድ ሮጥኩ፤ እሱን ግን ማን ያስሮጠዋል? ልጆች የሉትም? አባቱ በምን እንደሞቱ ጠይቀው። የማይሰማህ ከሆነ ስልኩን ላክልኝ፤ እኔ ደውዬ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ።

ወንድምህ

*

ታኅሣሥ 24

ጎፈሬ፣

የኔው ውጤት ወጣ። ሁለት ነጥብ አራት። በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ሌላውንም የታዘዝኩትን ሁሉ ጠብቄ ነው፤ ባለቤቴን ጠይቃት። ሐኪሟ በሩን ዘግታ “ለጊዜው ናሙና አያስፈልግም፤ በየጊዜው እየመጡ እንከታተላለን” አለችኝ። ስመለስ ዳቦ ሻጩ ዘንድ ገባሁ። ሂሳቡን ተቀበለኝ። ድኛለሁ ማለት ነው።

ደስ ብሎን ቤት ተቀምጠን፣ ባለቤቴ ሱቅህ የተመረቀ ቀን የተነሳነውን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ አቧራውን ትወለውላለች። አባባ መሃል፣ እኔና አንተ ግራና ቀኝ። “አባትህ መላጣ፣ አንተ መላጣ፣ አጎቶችህ በሙሉ መላጣ” አለች። “ይሄ ጎፈሬ በዚህ ዕድሜው በማን ወጥቶ ነው?”

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አለቀ።

ሦስት ነጥብ ስድስት በሁለት ሲባዛ ስንት ነው ጎፈሬ? ትምህርት ቤት ሒሳብ ትበልጠኝ ነበር። ሰባት ነጥብ ሁለት ነው። እኔን እንቅልፍ ከነሳኝ፣ በነፃ ዳቦ ካበላኝ ቁጥር ይበልጣል። እኔ በዚያ ቁጥር “ቀጣይ” ተባልኩ፤ አንተ በዚያው ቁጥር “አንበሳ” ተብለህ ወጣህ!

ቆሽቴ አርሯል። በአባባ ሞት እየማልክ እኔን ሐኪም ቤት ነዳኸኝ፤ አንተስ? አባባን “ኩራት ነው” ብለህ አማኸው። አባባ “ወገቤ ነው” አለ፤ አንተ “ደንበኛዬ ነው” አልክ። በምን ትለያላችሁ? አባባ እንኳ የዋሸው ነገሩን የሚያስረዳው ሰው ስላልነበረ ነው። አንተ ግን ሁሉን እያወቅክ፣ ደብዳቤዬን አንብበህ፣ ነገሩን በወረቀት ተነግሮህ፣ ቀለም ቀባህ!

ነገ ጠዋት ሂድ። ክኒኑን ይዘህ ሂድ፤ እሽጉን ራሱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው። ሄድኩ ብለህ እስክትጽፍልኝ ድረስ ወንድም የለኝም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። እንድታየው ብዬ ግን የሰረዝኩት በቀጭኑ ነው።

*

ጥር 5

ወንድም ጋሼ፣

ሄጃለሁ። ሌላውን ሳታነብ እንዳትቆጣ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት። እሽጉንም ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጫለሁ።

አሁን የመናደድ ተራው የኔ ነው። አንተ መላጣ መሆን ምን ገዶህ! ጎማ የሚያስጠግን ሰው ራስህን አያይም፤ እጅህን ነው የሚያየው። እኔ ግን በሬ ላይ በትልቁ የተጻፈው ጎፈሬ ነው። መሃል አናቴ ሲሳሳ የመጀመሪያውን ያየሁት በሁለት መስተዋት መሃል ቆሜ፣ የደንበኛን ማጅራት ላሳየው ስል ነው። ደንበኛው የራሱን ማጅራት ሲያይ እኔ የራሴን አናት አየሁ። መላጣ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ማን ይቀመጣል? ዕድሜ ልኬን ሰፈሩ የሚጠራኝ በፀጉሬ ነው፤ እናትና አባቴ ያወጡልኝን ስም ሚስቴ እንኳ ረስታዋለች።

ደግሞስ የፀጉር ክኒን መድኃኒት ነው ብሎ ማን ያስባል? “መድኃኒት ትወስዳለህ?” ሲሉህ የታመመ ሰው የሚወስደው ነው የሚመስልህ። እኔ አልታመምኩም ነበር። የሸጠልኝ ሰውዬ “ፀጉርህ ይመለሳል” ሲለኝ ከዚህ ሌላ ትንፍሽ አላለም። “አንበሳ” ያለኝም ሐኪም ፀጉሬን አይቶ አመሰገነኝ እንጂ ከየት አመጣኸው አላለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልጠየቀኝም! አንተን ያንተው ሐኪም መላጣህን እያየች ጠየቀችህ፤ እኔን ግን ከነጎፈሬዬ አለፉኝ። በዚህ አልናደድም?

ሚስቴ አታውቅም ነበር። ክኒኑ የሚቀመጠው ሱቅ ውስጥ፣ ከምላጮቹ ሣጥን ሥር ነው። አሁን ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ከነምላጩ ጣለችው።

የፀጉር ክኒኑን ነገር የጻፍክልኝ ደብዳቤ የደረሰ ዕለት ወንበሯ ላይ ሰው ነበር። ግማሽ ራሱን አስተካክዬ መቀሱን አስቀመጥኩ። ሐኪሟ “ወደ ግማሽ” ያለችውን አነበብኩ፣ በልቤ አባዛሁት። ሰውዬውን ነገ ና ብዬ በግማሽ ራሱ ሸኘሁት፤ እስካሁን ተቀይሞኛል። ከዚያ ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ግድግዳው ላይ ማፍጠጥ ነበረብኝ።

ምስል አነሱኝ። ናሙናም ወስደዋል። እንዴት እንደሚወስዱት አትጠይቀኝ፤ አልነግርህም። ውጤቱ ገና ነው።

አትምጣ። ሚስቴ አለችልኝ። አንተ ከመጣህ ሰፈሩ ምን ሆነ ይላል። አትምጣ።

ታናሽህ

*

ጥር 21

ለጎፈሬ፣

አጭሯ ደብዳቤህ ደረሰችኝ። አራት መስመር። ከሰላምታው በፊት “አለ” ብለህ ጀመርክ።

አለ፣ ግን ከቤቱ አልወጣም። ዕጢው ውስጥ ነው፣ አጥንት አልነካም፣ በጊዜው ነው የደረሳችሁት ብለውሃል። ቀዶ ጥገናው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እነዚህን አራት መስመሮች ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት፣ አዎ፣ አለቀስኩ። ሽንኩርት አልነበረም።

አሁንም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን ግራ ገብቶኛል። ችኩሉን ልሰድበው እልና፣ እሱ “ቀጣይ” ብሎ ባያሳብደኝ ወደ ልጅቷ ሐኪም አልሄድም ነበር፤ ካልሄድኩ የፀጉሩን ጥያቄ አልሰማም፤ ካልሰማሁ አልጽፍልህም። የኔ ውሸታም ቁጥር ነው ያንተን ውሸታም ቁጥር ያወጣው። ይህን ሳስብ ችኩሉን ላመሰግነው እደርስና እተወዋለሁ። አይገባውም። ያ ነገር የተገኘው እነሱ ስለሠሩ ሳይሆን እኛ ስለተጨቃጨቅን ነው፤ የሚጨቃጨቀው ወንድም የሌለውስ ሰው? እሱን ማን ይጠይቅለታል? ይህን ሳስብ ደሜ እንደገና ይፈላል።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነበርክ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቁህም። እኔም አልጠየቅኩህም። በየዓመቱ አይሃለሁ፣ “ይሄ ልጅ አያረጅም” እያልኩ እቀናለሁ፤ አንድ ቀን ከየት አመጣኸው አላልኩም።

ስለ “አትምጣ” የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው ታናሽ ታላቁን የሚያዘው? ሱቄን ዘግቻለሁ። ያልተጠገኑትን ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ፤ የተጠገኑትን ሁሉ ከልካይ የለኝምና ራሴ ነድቼ አስረክቤያለሁ። ባለቤቴ ለሚስትህ የማደርሰውን አንድ ሻንጣ ሙሉ አሸክማኛለች። ሰፈርህ ምን ሆነ ቢል እኔ እመልስለታለሁ፤ ወንድሜ ታሞ ነው፣ ሊታከም ነው፣ እናንተስ ተመርምራችኋል ወይ እላቸዋለሁ። ወንበርህ ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ብስክሌት ትነዳለህ? ሽንት ያቃጥልሃል? ክኒን ትውጣለህ? አፍሮ ይውጣ ከፈለገ።

ፀጉርህ ከረገፈ ይርገፍ። የሱቁን ስም እንዳትነካው። መላጣ ጎፈሬ የትም ሱቅ የለም፤ ሰው ለማየት ብቻ ይመጣል። አባባን ትመስላለህ፤ በሌላው ነገር እንዳትመስለው እኔ አለሁ።

አሁን አውቶቡሱ ተራ እየያዘ ነው፤ ይህችን ከኔ ቀድማ ትደርስ እንደሆነ ብዬ ፖስታ ቤት ልጥላት። ያ ደንበኛህን ሳላውቀው ብዙ ሰድቤዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ታላቅ ወንድምህ መንገድ ላይ ነው በለው።